የሮሲንዳ አስራ ዘጠኝ ገጾች

«ተጫኚው! ዳይ፣ ተጫኚው እንጂ!»

ኤልፒዲዮ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ፤ ሮሲንዳን እንደ ታናሽ እህት «ዳይ» ነው የሚላት። መብራቱ ሁለቴ ድርግም ብሎ ተመለሰ፤ ታች ያሉት የስፌት መኪናዎችም ጸጥ ብለው እንደገና ጮሁ። ለአስራ ሁለት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። ሮሲንዳ ጣቷን ቁልፉ ላይ አንጠልጥላ፣ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ስትል እንደምታደርገው ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አየችው።

«ሃያ ዘጠኝ» አለች። «ሃያ ዘጠኝ ገጽ ብለን ነው የምንልከው።»

ተጫነችው።

ሄደ። ሄዶም ሲያልቅ መብራቱ ጠፋ፤ ኤልፒዲዮም በጨለማው ውስጥ «እይ እንግዲህ! ቆሞ ሲጠብቀን ነበር እኮ!» አለና ሦስቱም እንደ ሕፃን ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ምክንያቱም የሚፈለገው ሃያ ዘጠኝ አልነበረም። ሰላሳ ነበር።

ሮሲንዳ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ላ ፓዝ ገበያ ጀርባ ያለው የዩኒፎርም ስፌት ቤት ውስጥ ሰላሳ አንድ ዓመት ሰፍታለች። ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ትምህርት ቤት የሄደች ልጅ ሁሉ የሆነ ጊዜ ላይ የሮሲንዳን ስፌት ለብሳለች ቢባል ብዙም ውሸት አይሆንም። እሷ ራሷ ግን ዩኒፎርሙን ለብሳ የቆየችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ የሰው ልጆች ሲማሩ እሷ የሚማሩበትን ልብስ ሰፋች። ይህን ስትናገር ማዘኗም መኩራቷም አይታወቅም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ከአራት ዓመት በፊት አውሎ ነፋስ ሲመጣ እናቷ ጊማራስ ደሴት ላይ ብቻዋን ነበረች። ስልኳ ላይ ማስጠንቀቂያ መጣላት፣ በእንግሊዝኛ። ቆይቶ ደግሞ መጣ፣ በዋና ከተማው በማኒላ ሰዎች ቋንቋ። አሮጊቷ ሁለቱንም አይታ ስልኩን ትራስ ሥር ከተተችውና ለሮሲንዳ ደወለች፤ «ልጄ፣ ለእኛስ መቼ ነው የሚናገሩት?» አለቻት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ሁለት ቀን ተኩል ተቋርጦ ቆየ። ሮሲንዳ በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ መቶ አርባ ኮሌታ ሰፋች፤ አንዱንም አታስታውሰውም።

እናቷ ደህና ነበረች፤ ጣሪያዋ ብቻ ነው የሄደው። ያቺ ጥያቄ ግን ሮሲንዳ ጆሮ ውስጥ ቀረች። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «በሂሊጋይኖን መጻፍ የሚችል በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል» የሚል ወረቀት ስታይ፣ የራሷና የእናቷ ቋንቋ ነውና፣ ሁለቴ አላሰበችም። በአርባ ምናምን ቋንቋ ስለ አውሎ ነፋስና ስለ ጎርፍ ምክር የሚሰጥ አንድ ድረ ገጽ አለ፤ ቋንቋው ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ማስጠንቀቂያውም በዚያው ቋንቋ ወደ ስልክ ይላካል። ሂሊጋይኖን አልነበረም። ልናስገባው ነው ተባለ።

ሰብሳቢያቸው ሸርሊን የምትባል የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነበረች፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ድምጿ ቀስ ያለ፣ ስትቆጣ እንኳ የምትዘምር የሚመስል። መጀመሪያ እሷን ጨምሮ አስራ አንድ ሰው መጣ። ጥቁሩን ስክሪንና ነጩን ጽሑፍ ሲያዩ ስምንቱ በዚያው ቀሩ። የተረፉት ሸርሊን፣ ሮሲንዳና ኤልፒዲዮ ናቸው። ኤልፒዲዮ ጡረታ የወጣ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ነው፤ ጥርሱ ቢያልቅም ድምፁ አላለቀም። የስፌት ቤቱ ባለቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቁን ትለቅላቸዋለች፤ በተቆረጠ ጨርቅ ክምር መሀል ላፕቶፖቻቸውን ዘርግተው ይሠራሉ።

ሸርሊን የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ብላ ነበር ያስረዳችው፦ «ዋናው ማህደር የሁላችንም ነው። ጊት የሚባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዳችን ቅጂ ይሰጠናል። ቅጂያችንን እናስተካክላለን፣ ከዚያ መልሰን እናስገባለን። ማን ነካው፣ መቼ ነካው፣ ምን ብሎ ነካው፣ ሁሉንም ይመዘግባል። የድሮውም አይጠፋም። ምንም ነገር አይረሳም።»

«ይሄማ ሚስቴ ናት» አለ ኤልፒዲዮ። «ጊት ነው ያልሽኝ ስሟን?»

በሦስተኛው ሳምንት ሮሲንዳና ኤልፒዲዮ ሳይነጋገሩ አንዲቷን መስመር ሁለቱም ነክተው ኖሮ ማሽኑ «ግጭት» ብሎ አልቀበልም አለ። ሮሲንዳ ላፕቶፑን ያበላሸችው መስሏት እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበች። ኤልፒዲዮ ግን ተነሥቶ ደረቱን መታ። «ከማን ጋር ነው የተጋጨሁት? ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ገፍቼ አላውቅም! ዳይ፣ አንቺ ነሽ?»

«ኖንግ ኤልፒ፣ የኔን መስመር ትተህ የራስህን ብትነካ ኖሮ ሰላም ነበርን» አለች ሮሲንዳ፤ «ኖንግ» ታላቅ ወንድም የሚጠራበት ነው።

«ያንቺ መስመር ላይ 'ንፋሱ ይመጣል' ትያለሽ። በሬዲዮ እንዲህ ባነብ ሰው እንቅልፉን ይተኛል። 'ንፋሱ መጣ!' በይ።»

እንደዚህ እየተጨቃጨቁ ተማሩ። ሮሲንዳ በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው። ትእዛዞቹን በልብስ መለኪያ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፋ በመርፌ ቁልፍ ደረቷ ላይ ሰክታ ትሠራ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ወረቀቷን ነቅላ ጣለች። በአንድ ዓመት ከአራት ወር የድረ ገጹ አርባውም ገጽ በሂሊጋይኖን ሆነ፤ ቋንቋቸውም ዝርዝሩ ላይ ወጣ። እናቷ በገጹ ግርጌ «ተርጓሚ፦ ሮሲንዳ» የሚለውን አይታ ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠርታ አሳየች፤ ማንበብ የማይችሉትን ጭምር።

እንግዲህ መከራው የመጣው ከማደስ ላይ ነው። እንግሊዝኛው አንዴ ተጽፎ አይቀመጥም፤ ሰዎቹ አዲስ ነገር ባወቁ ቁጥር ይቀይሩታል። ስለዚህ በየትርጉሙ አናት ላይ አንድ ቁጥር አለ። ይህ ትርጉም የትኛውን የእንግሊዝኛ ቅጂ ተከትሎ እንደተሠራ የሚናገር ነው። ቁጥሩ ወደ ኋላ ከቀረ ገጹ አርጅቷል ተብሎ ዝርዝሩ ላይ ቀይ ይሆናል፤ ቁጥሩ ከእንግሊዝኛው ጋር ከገጠመ አረንጓዴ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ቆጠራ አለ። ከአርባው ሰላሳ ገጽ ያልታደሰለት ቋንቋ ከዝርዝሩ ይወርዳል፤ ማስጠንቀቂያውም በዚያ ቋንቋ መላኩ ይቆማል።

ሸርሊን ይህንንም አስተምራ ነበር። «ጽሑፉን ታድሳላችሁ፤ ትጨርሳላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ትቀይራላችሁ። መጨረሻ ላይ» ብላ ነበር፣ ሁለቴ። ሮሲንዳም ሰምታለች፤ ራሷንም ነቅንቃለች።

ግን እጅ የራሱ ትምህርት አለው። ስፌት ቤት ውስጥ የተቆረጠው ጨርቅ ታስሮ ሲመጣ ወረቀት ተንጠልጥሎበት ነው። ሰፊዋ እስሩን እንዳነሳች፣ አንድ ስፌት ሳትሰፋ፣ መጀመሪያ የራሷን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች። ይሄ ተይዟል፣ ማንም እንዳይነካው ማለት ነው። ቁጥሯን ሳትጽፍ የምትሰፋ ሴት እዚያ ቤት ውስጥ ሞኝ ናት፤ ሥራዋን ሌላ ይወስድባታል። ሮሲንዳ ይህን ሰላሳ አንድ ዓመት አድርጋለች።

በሰኔ እንግሊዝኛው በጅምላ ተቀየረ፤ ዝርዝሩ እንዳለ ቀይ ሆነ። ሦስቱ ገጾቹን ተከፋፈሉ። ሮሲንዳ ሃያ አምስት ወሰደች፤ እጄ ፈጣን ነው አለች። ያንኑ ቀን ሃያ አምስቱንም አንድ በአንድ ከፍታ፣ አናታቸው ላይ ያለውን ቁጥር በአዲሱ ቀይራ አስገባች። ተይዟል ለማለት። ዝርዝሩም አረንጓዴ ሲሆንላት፣ ባለቤት አለው ማለት መሰላት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከሥራ መልስ፣ ገጽ በገጽ መሥራት ጀመረች።

ሸርሊንና ኤልፒዲዮ የየድርሻቸውን ጨረሱ። ዝርዝሩ ላይ አርባ ከአርባ ወጣ። ሸርሊን «አርባ! ኩራታችን!» ብላ በስልክ ጻፈች። ሮሲንዳ፣ ስድስት ጨርሳ አስራ ዘጠኝ የቀራት ሮሲንዳ፣ ሁሉም ባለቤት አገኘ ማለቷ ነው ብላ የልብ ምልክት ላከችላት።

ቆጠራው የሚደረገው ቅዳሜ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ እናቷ ደወለች።

«ልጄ፣ መስኮቱን ልክፈተው ወይስ ልዝጋው?»

«የቱን መስኮት ናናይ?»

«ንፋስ ሲመጣ። ያንቺ ገጽ በአንድ በኩል ያለውን ክፈቱ ይላል። ጎረቤቴ አስተማሪዋ ደግሞ በእንግሊዝኛው ሁሉንም ዝጉ ነው የሚለው፣ ክፈቱ የሚለው የድሮ ነው አለችኝ። እኔ ግን ልጄ አትሳሳትም፣ ስሟ አለበት አልኳት። ተጣላን።»

ሮሲንዳ ፓንዴሳል ዳቦዋን ከነቡናዋ ትታ ላፕቶፑን ከፈተች። ገጹ አናት ላይ አዲሱ ቁጥር አለ። ዝርዝሩ ላይ አረንጓዴ ነው። ሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን የድሮው ነው፤ መስኮት ክፈቱ ይላል። ግርጌው ላይ ስሟ። ያን ጊዜ ነው የገባት። ሁለተኛውን ገጽ ከፈተች፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አስራ ዘጠኝ ገጽ ታድሻለሁ እያለ ይዋሻል፤ ያስዋሸችውም እሷ ናት።

ጂፕኒ የሚሉት ታክሲ በደንብ ሳይቆም ወርዳ፣ በገበያው ዓሣ ሻጮች መሀል እየተጋፋች፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ፎቁን ወጣች። ኤልፒዲዮ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ እያነጠፈ ነበር። ሚስቱ ትልቅ ሳህን ፓንሲት፣ በአትክልት የተጠበሰ ኑድል፣ ልካለች፤ ለደስታው። ሸርሊንም ግድግዳው ላይ በተራረፈ ጨርቅ 40 ብላ ሰቅላለች።

«መጣች! የሃያ አምስት ገጽ ጀግና!» አለ ኤልፒዲዮ በዚያ በሬዲዮ ድምፁ።

«ኖንግ፣ ዝም በል እባክህ» አለችና እንደቆመች ነገረቻቸው። ሳታሳጥር፣ ሳታስረዝም። የጨርቁን እስር፣ ወረቀቱን፣ ቁጥሩን፣ የእናቷን መስኮት።

ሸርሊን ቁጭ አለች። «ናንግ ሮሲን» አለች፣ ታላቅ እህት እንደሚጠሩት፤ «ሁለቴ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ነግረሽኛል።»

«ቁጥሮቹን ከመለስናቸው ሃያ አንድ ነው የሚቀረን። ዛሬ ማታ ነው ቆጠራው።»

«አውቃለሁ።»

ኤልፒዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንተወው። ቆጠራው ይለፍ። በሳምንት ውስጥ ሦስታችን ተረባርበን እንጨርሰዋለን፤ ማን ያያል?» አለ።

«በሳምንት ውስጥ ንፋስ ቢመጣስ? ናናይ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ኖንግ። ስሜን አይታ ነው የምትከፍተው።»

ኤልፒዲዮ ጨርቁን ከጠረጴዛው ላይ ገፈፈው።

ሸርሊን «በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ልመልሳቸው እችላለሁ፤ በእኔ ስም» አለቻት። የዋህነቷ ነው። ሮሲንዳ ግን «የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ የምፈታውም እኔ ነኝ» ብላ ተቀመጠች። አንድ በአንድ ፈታችው። እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ነበረበት መልሳ፣ ማሽኑ ለምን ቀየርሽው ብሎ በሚጠይቅበት ቦታ በሁለት ጣቷ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ቁጥሩን ሳልሠራ ቀድሜ ቀይሬ ነበር። ጽሑፉ የድሮ ነው። ተሳስቻለሁ። ሮሲንዳ።» አስራ ዘጠኝ ጊዜ። በአምስተኛው ላይ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። በአስራ ሁለተኛው ላይ ቀና ብላ መቀመጥ ጀመረች። ስፌት የፈታ ሰው ያውቀዋል፤ ክሩ ይወጣል፣ የመርፌው ቀዳዳ ግን ጨርቁ ላይ ይቀራል። ያንን ቀዳዳ የሚደብቅ ሰፊ አለ። ሮሲንዳ ጨርቁን ለባለቤቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ የምታሳይ ናት፤ ለዚህም ነው ሰላሳ አንድ ዓመት ያቆዩዋት።

ዝርዝሩ ሃያ አንድ ሆነ። ሸርሊን ግድግዳው ላይ ያለውን 40 አወረደችው።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ሮሲንዳ ታች ወርዳ የእስር ወረቀቶችና የልብስ መቆንጠጫ አመጣች። አስራ ዘጠኙን ገጽ በአስራ ዘጠኝ ወረቀት ጽፋ ገመድ ላይ ሰቀለቻቸው። «የያዘው ሰው ስሙን እዚህ ይጻፍ» አለች። «ተይዟል የሚባለው እዚህ ነው። የገጹን ቁጥር ማንም አይነካም፤ አልቆ ኖንግ ኤልፒ ጮክ ብሎ አንብቦ ካላሳለፈው በቀር።»

ሸርሊን ገመዱን ቆማ አየችው። «ይሄን ለምን እስከ ዛሬ አላደረግነውም?»

«ሰፊ አልጠየቃችሁማ» አለች ሮሲንዳ፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር።

የመስኮቱን ገጽ አስቀደሙ። ከዚያ ጀልባ ስለማሰር፣ ከዚያ ከጎርፍ በኋላ ስለሚጠጣ ውሃ፣ ከዚያ ሕፃን ስላለበት ቤት። ሮሲንዳ ትጽፋለች፣ ሸርሊን ከእንግሊዝኛው ጋር ታመሳክራለች፣ ኤልፒዲዮ ቆሞ እንደ ዜና ያነባል፤ ምላሱ ከተደናቀፈ ዓረፍተ ነገሩ ይቀየራል። ታች ያሉት ሰፊዎች መኪናቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። አንዷማ «ኖንግ! 'ማሰሮ' አትበል፣ ባልዲ በል፣ ማሰሮ ያለው ማን ነው?» ብላ ከደረጃው ሥር ጮኸች። ባልዲ ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ለአንድ ሰዓት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ሠሩ፣ ሲያልቅ በወረቀት ሠሩ። ፓንሲቱን ማንም አልነካውም።

ሃያ አራት። ሃያ ስድስት። ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሃያ ዘጠኝ። ቀጥሎ የተያዘው ከጎርፍ በኋላ ቤት ውስጥ ስለሚገባ እባብ የሚናገረው ገጽ ነበር፤ ረጅም፣ ገና ግማሹ።

ኤልፒዲዮ ላቡን ጠረገ። «ዳይ፣ ስሚኝ። ይሄን አንዱን ብቻ። ቁጥሩን አሁን ቀይሪው፣ ግማሹን ከእራት በፊት እንጨርሰዋለን። አንድ ነው እኮ!»

ሸርሊን በዓይኗ ሮሲንዳን ለመነቻት። የሦስት ዓመት ሥራዋ ነው።

ሮሲንዳ ገመዱ ላይ የቀሩትን ወረቀቶች አየች። ከዚያ እጆቿን አየች።

«ጠዋት ስገባ ምን ብዬ ነበር የነገርኳችሁ?» አለች። «መጀመሪያ ቁጥር፣ ኋላ ሥራ። እዚህ ያደረሰን እሱ አይደል? አሁን ደግሜ ላድርገው? አውቄ?»

ኤልፒዲዮ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። «እንግዲያው የተሠራውን ላኪ። መብራቱ አያስተማምንም።» ከዚያ ነው ወንበሩን የገለበጠው።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ በስልክ ብርሃን ፓንሲቱን ቀዝቃዛውን በሉ። ሸርሊን ለድረ ገጹ ሰዎች ደብዳቤ ጽፋ ነበር፤ ሮሲንዳ «አንብቢልኝ» አለቻትና ሸርሊን አነበበችላት። ይቅርታ በዝቶበታል አለች ሮሲንዳ፤ ሁለቱን አስወጥታ አንዱን ተወችው። የተሳሳትነውን ራሳችን አገኘነው፣ ራሳችን መለስነው፣ ማስረጃው ማህደሩ ውስጥ አለ፣ ሠላሳኛው ነገ ይደርሳል የሚለው ይበቃል አለች።

እናቷ ደወለች።

«መስኮቱስ?»

«ዝጊው ናናይ። ሁሉንም። ለአስተማሪዋም ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

«ስምሽ አሁንም አለበት?»

«አለ። ማህደሩ ውስጥም አስራ ዘጠኝ ጊዜ ተሳስቻለሁ ይላል።»

«አስራ ዘጠኝ ጊዜ!» አሮጊቷ ሳቀች፤ ሳቋ ስልኩን አልፎ ፎቁን ሞላው። «አባትሽ በአርባ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ጊዜ እንኳ ብሎት አያውቅም። ቆይ፣ ጎረቤቶቼን ልጥራ፣ ይሄን ማየት አለባቸው።»

ኤልፒዲዮ ጨለማው ውስጥ አፍንጫውን ተናፈጠ። ጉንፋን ነው አለ።

አሁን መብራቱ ተመልሷል። ሮሲንዳ የእባቡን ገጽ ከፍታ በሁለት ጣቷ እየጻፈች ነው፤ ስሟ ገመዱ ላይ ተሰቅሏል፣ አናት ላይ ያለው ቁጥር ገና የድሮው ነው። የቆጠራው ውጤት አልወጣም፤ ለደብዳቤውም መልስ አልመጣም። አንድ ገጽ ጎደለ ብለው ያወርዷቸው እንደሆነ፣ ወይ አይተው ይተዉላቸው እንደሆነ፣ የሚቀጥለው ንፋስ ሲመጣ የእናቷ ስልክ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር፣ ሮሲንዳ አታውቅም። ሸርሊንም አታውቅም። እዚህ ፎቅ ላይ የሚያውቅ ሰው የለም።